ጥርሱን የመረጠው ሰፈራችን ነው

ብስክሌት ሠራን። «ገዛን ማለታችሁ ነው?» የሚለን አይጠፋም። አልገዛንም፤ ሠራን። ለነገሩ ብረት አላቀለጥንም፤ ከዚህም ከዚያም የለቀምነውን ዕቃ ገጣጠምን እንጂ። ግን አራት ቅዳሜ ፈጅቶብናል፤ የሁለታችንም ጥፍር በግራሶ ጠቁሯል፤ ተኳርፈን ሦስት ቀን ሳንነጋገር ከርመናል። ስለዚህ «ሠራን» ብንል አይበዛብንም።

«እኛ» የምንለው ሁለት ጓደኛሞች ነን። ባሕር ዳር ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ዲግሪያችንን ታቅፈን አዲስ አበባ የመጣን፣ ሽሮ ሜዳ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖር። አንዳችን ረጅም ናት፣ አንዳችን አጭር። ይህን የምትጽፈው የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም፤ ምክንያቱም ወደ መጨረሻው አንዷ ታፍራለች።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው፦ ታክሲ! ሁለታችንም የምንሠራው ስታዲየም አካባቢ ነው። ረጅሟ በጠዋት ትገባለች፤ አጭሯ ከሰዓት ገብታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ትወጣለች። አንድ ቀን የወሩን የታክሲ ሒሳብ ደብተር ላይ ደመርነውና ደብተሩን ከደንነው። ባሕር ዳር ሳለን ብስክሌት ብርቅ አልነበረም። ከተማው ሜዳ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳል። «እዚህስ ለምን አይሆንም?» አልን። አንድ ብስክሌት ለሁለት፦ ጠዋት ረጅሟ ይዛው ትወርዳለች፤ አጭሯ ከሰዓት በታክሲ ወርዳ ቁልፉን ትቀበላትና ማታ ይዛው ትመለሳለች። ቀላል!

ማርሽ አይኑረው ያልነው መጀመሪያ በድህነት ነው። በእኛ አቅም የሚገኘው ባለ ማርሽ ብስክሌት ሽቦው የዛገ፣ መቀየሪያው የተሰበረ ነው። ማርሽ ከሌለው የሚበላሽ ነገር ይቀንሳል። በኋላ ግን ቪዲዮ አየንና ድህነታችን ለካ ፋሽን ነው! ኒውዮርክ ውስጥ ደብዳቤና ጥቅል የሚያመላልሱ ልጆች የነዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ደግሞ የለንደንና የቶኪዮ ወጣት ያበደለት ብስክሌት ማርሽ የለውም። የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር የተቆለፈ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። እግር ማሳረፍ የለም። ፍሬኑን ጭራሽ አውልቀው ፔዳሉን በእግራቸው ወደ ኋላ እየተቃወሙ የሚያቆሙም አሉ። ረጅሟ ይህን ስታይ «ይኼ ነው የእኛ!» አለች።

ቴላዮውን ያገኘነው ምናለሽ ተራ ነው። ቀለሙ የተላጠ፣ ግን ያልተሰነጠቀ የድሮ የእሽቅድድም ብስክሌት አጽም። እናንተም ለመሥራት ካሰባችሁ መጀመሪያ የኋላ ጎማው የሚገባበትን ቦታ እዩ። ወደ ጎን የተጋደመ ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ጎትታችሁ ሰንሰለቱን ማጥበቅ ትችላላችሁ። ወደ ታች የቆመ ከሆነ ግን ሰንሰለት የሚወጥር ሌላ ዕቃ መግዛታችሁ ነው። አሮጌ ሰንሰለት ስትገዙ ማስመሪያ ያዙ። ከፒን እስከ ፒን ግማሽ ኢንች ነው፤ 24ቱ ልክ 12 ኢንች መሆን አለበት። በአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ካለፈ ያለቀለት ነው፤ አዲሱን ጥርሳችሁንም ይበላባችኋል። (ሻጩ ማስመሪያ ስናወጣ የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሯችን ላይ አለ።)

ሌላው ትምህርት በገንዘብ የተገዛ ነው። የግራው ፔዳል እንደ ሌላ ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ይህን ያላወቀ ወይም የቸኮለ አንድ ሠራተኛ በቁልፍ እየታገለ የፔዳሉን ክንድ ጥርስ በላልን። እሱ ይቅርታ ጠየቀ፣ እኛ ሌላ ክንድ ገዛን።

ከዚያ የኋላው ጎማ መጣ። የእኛ ሞዞ የተሠራው ለፍሪዊል ነው፤ ማለትም እግር ሲያርፍ ጎማው ብቻውን ለሚዞርበት። የተቆለፈ ጥርስ ብትገጥሙበት ወደ ፊት ሲረገጥ ይጠብቃል፤ ለማቆም ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ይፈታል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ሞዞ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጠብቅ ሌላ ቀለበት አለው። እኛ እሱ የለንም። «ችግር የለም፣ በብየዳ እንመታዋለን!» አለን አንድ ብየዳ ቤት ያለ ልጅ። የረጅሟ ዓይን በራ።

ያዳኑን ሰፈራችን አስፋልት ዳር ጎማ የሚጠግኑ ጋሼ ናቸው። ጎማውን አገላብጠው አዩና፦

«ልጆቼ፣ የት ነው የምትነዱት?»

«ከዚህ ስታዲየም፣ ጋሼ።»

ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደውን ቁልቁለት ዝም ብለው ተመለከቱ። «ሰንሰለቱ የወለቀ ዕለት በምን ትቆማላችሁ?»

መልስ አልነበረንም። የፊቱና የኋላው ጥርስ በአንድ መስመር ካልዋሉ፣ ወይም ሰንሰለቱ ከላላ ይወልቃል። ከወለቀ ደግሞ ፔዳል መቃወም የሚባል ነገር የለም፤ ብስክሌቱ ይሄዳል፣ እናንተም ትሄዳላችሁ። ፍሬን የሌለው ብስክሌት መጀመሪያ የተሠራው ለመወዳደሪያ ሜዳ ነው፤ እዚያ ሚኒባስ የለም፣ ውሻ የለም፣ ረዳት «ወራጅ አለ» አይልም። እናም ፍሪዊል ገጠምን፤ ፍሬንም ከፊትና ከኋላ።

«ደግሞ ጥርሱን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም» አሉን ስንሄድ፤ «ሰፈራችሁ ነው።» ቀልድ መስሎን ሳቅን።

የተኳረፍነው በዚሁ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሉ፤ ከዚያ በጎማው ዙሪያ፣ ማለትም በ2.1 ሜትር ገደማ አባዙ። የእኛ የፊት ጥርስ 44 ነው። ከኋላ 16 ቢሆን አንድ ዙር ፔዳል 5.8 ሜትር ያስኬዳል፤ 20 ቢሆን 4.6 ሜትር። ባለ 16ቱ ፈጣን ነው፣ ግን አቀበት ላይ ጉልበት ይበላል። ባለ 20ው አቀበት ላይ ይቀላል፣ ቁልቁለት ላይ ግን እግር አየር ይረግጣል። ረጅሟ 16 አለች፤ አጭሯ 20። ማርሽ ቢኖር ሁለቱም ይገኝ ነበር፤ የለም። ሦስት ቀን ተዘጋጋን። በመጨረሻ ብር ያወጣችው ረጅሟ ስለነበረች 16 ገባ።

ሁለት ሳምንት ሁሉም ደህና ይመስል ነበር። ረጅሟ በየጠዋቱ ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ፣ ከዚያ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ እንደ ወፍ ትወርዳለች። «እንዴት ነው?» ስትባል «ምርጥ!» ናት። አጭሯም ማታ ስትጠየቅ «ደህና ነው» ትላለች።

በሦስተኛው ሳምንት የረጅሟ ፈረቃ ወደ ማታ ዞረ። እስከ አራት ኪሎ እየታገለች ወጣች። ስድስት ኪሎ ስትደርስ ጉልበቷ አለቀና ወረደች፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። የአሜሪካን ኤምባሲን አልፋ፣ በጨለማ፣ ብስክሌት እየገፋች። በቁልቁለት የሚወርድ ሰው ሰው የሚለውን አይሰማም፤ ነፋሱ ይሸፍነዋል። ብስክሌት የሚገፋ ሰው ግን ሁሉንም ይሰማል። «እንርዳሽ» የሚሉ፣ «ማን ሰጠሽ?» የሚሉ፣ ደግሞ ምንም ሳይሉ ከኋላ የሚከተሉ። አንደኛው እስከ ቅያሳችን መግቢያ ተከተላት።

ቤት ገባች። አጭሯ ሽሮ አሙቃ እየጠበቀች ነበር። ረጅሟ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ፣ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ እየገፋሽ ነው የመጣሽው?»

«ብዙውን ቀን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አለች አጭሯ፤ «ሃያ ይሁን ብዬሽ ነበር።»

ያን ሌሊት ብዙ አልተወራም። ቅዳሜ ረጅሟ ብቻዋን መርካቶ ወርዳ ባለ 20 ጥርስ ፍሪዊል ይዛ መጣች። ሰንሰለቱ ስላጠረ ሁለት ፍሬ ቀጠልንበት። ጋሼ አጠበቁልን፤ «ነግሬያችሁ ነበር» ግን አላሉም።

አሁን ብስክሌቱ እንዲህ ነው። የመቀመጫው ቱቦ ላይ በጥፍር ቀለም የተሰመሩ ሁለት መስመሮች አሉ፤ የላይኛው የአጭሯ፣ የታችኛው የረጅሟ። ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ እግራችን ሥራ ፈትቶ ፍሬን ብቻ እንይዛለን፤ ሚኒባሶች ይቀድሙናል፣ ይቅደሙን። ማታ ከስድስት ኪሎ በላይ ዝናብ የጣለ ወይም ምሳ ያልተበላ ቀን አሁንም እንወርዳለን። በሌላው ቀን ግን ቀስ እያልን፣ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጥን፣ ቤታችን እንደርሳለን። ፈረቃውንም በየሳምንቱ እየተቀያየርን ነው።

እናንተም ባለ አንድ ጥርስ ብስክሌት ልትሠሩ ካሰባችሁ ጥርሱን ከመግዛታችሁ በፊት መንገዱን አንድ ጊዜ ማታ፣ ደክሟችሁ፣ ወደ ላይ ውጡት። ብስክሌቱ የሁለት ሰው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምትወጣዋን ጠይቋት። «ደህና ነው» ካለቻችሁ፣ ደግማችሁ ጠይቋት።