ሌጎስ የቀረችበት ደብተር

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ከመካነ ሰላም መጥቶ እኔ ዘንድ ሰነበተ። ለዲፕሎማት ቅጥር ፈተና ሊዘጋጅ ነው። ሻንጣውን እንኳ ሳያሳርፍ፣ «ጋሼ፣ ያ የጠቅላላ ዕውቀት ደብተርህ አለ?» አለኝ።

አባቱ ነግሮት ነው። ደብተሩ በዘመድ ዘንድ የታወቀ ነው፤ እንደ ዳዊት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ኖሯል። አውጥቼ ሰጠሁት። ገለጥ ገለጥ አደረገና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ናይጄሪያ፣ ሌጎስ። የላይኛው ቮልታ፣ ዋጋዱጉ። ጋሼ፣ የላይኛው ቮልታ ደግሞ የት ያለ አገር ነው?»

አልተቆጣሁም። እሱ የሳቀበት ደብተር ግን የሰባት ሌሊት እንቅልፍ ነው።

በ1981 ዓ.ም. መካነ ሰላም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እንደ ብዙው የገጠር ልጅ ለአራት አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው የምንማረው። ዐርብ ማታ ወደየቤታችን እንሄድና እሑድ ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የገብስ ቆሎ። እሑድ ጢም ያለው ከረጢት ሐሙስ ላይ ይራገፋል። ጋዝ ስለሚወደድ አራታችንም ባንዲት ኩራዝ ዙሪያ እንኮለኮላለን። ጠዋት ስንነሣ የአራታችንም አፍንጫ በጥላሸት ጠቁሯል።

አንድ መምህራችን ከደሴ ያመጡት የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ ነበራቸው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታተመ አይታወቅም። ለአንድ ሳምንት አዋሱን። አንዳችን እያነበብን ሦስታችን እየጻፍን በሰባት ሌሊት ገለበጥነው። የየአገሩ ዋና ከተማ፣ የገንዘቡ ስም፣ ረጅሙ ወንዝ፣ ከፍተኛው ተራራ፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊዎች ከትሪግቬ ሊ እስከ ኩርት ቫልድሃይም። መጽሐፉ ቫልድሃይም ላይ ስለሚያበቃ ለእኛም ዓለም እዚያው ላይ ቆመች። ቫልድሃይም ግን ያኔ ሥልጣኑን ካስረከቡ ቆይተዋል።

አጠናናችን ያው የአገራችን ነበር። ወሎ ውስጥ ባንዱ መንደር የቆሎ ተማሪው ዳዊት ሲደግም፣ ደረሳው ቁርኣን ሲቀራ እየሰማን ነው ያደግነው። ከሁለቱም የወረስነው አንድ ነገር ነው፤ ዐወቀ የሚባለው በቃሉ የያዘ ነው። ስንቅ ተሸክመን ዳገቱን ስንወጣ አንዱ «ሞንጎሊያ» ይላል፤ ሌላው «ኡላንባቶር» ብሎ ይቀበላል። እናቴ አንድ ቀን ከበር ቆማ ስትሰማኝ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ይኸ ነገር ድግምት እንዳይሆን?» አለችኝ። ያን ጊዜ ከአባይ ማዶ ያለውን ጎጃም እንኳ በዓይናችን እንጂ በእግራችን አናውቀውም።

በ1990 ዓ.ም. ዲግሪዬን ይዤ፣ አዲስ ዘመን ላይ የወጣውን የውጭ ጉዳይ ማስታወቂያ ቀድጄ ተመዘገብኩ። ከአታሼ ተነሥቶ በሦስተኛ፣ በሁለተኛና በአንደኛ ጸሐፊ፣ በአማካሪ አድርጎ አምባሳደር ዘንድ የሚያደርሰውን መሰላል በቃሌ ስለማውቀው፣ ግማሹን የወጣሁ መስሎኛል። የጽሑፍ ፈተናው ላይ የናይጄሪያ ዋና ከተማ ተጠየቀ። እኔም እጄ ሳይንቀጠቀጥ «ሌጎስ» ብዬ ጻፍኩ። ዋና ከተማዋ ወደ አቡጃ ከተዛወረች ስድስት ዓመት አልፏታል።

ያም ሆኖ አለፍኩና ለቃል ፈተና ተጠራሁ። ከፈታኞቹ አንዱ ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ።

«አገርህ የት ነው?»

«ወሎ፣ ቦረና። መካነ ሰላም።»

ፊታቸው ፈካ። «እንግዲያውማ የውጫሌ ውል የቤትህ ጉዳይ ነው። በል አጫውተኝ።»

ጠብቄው የኖርኩት ጥያቄ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ 20 አንቀጽ፣ በኢጣሊያ በኩል ኮንት አንቶኔሊ፣ ብዬ ለቀቅሁት።

«ጎበዝ። አንቀጽ 17 ላይ ጠቡ በየትኛው ቃል ነው?»

የትርጉም ልዩነት እንዳለ ዐውቃለሁ። ደብተሬ «የትርጉም ልዩነት» ብሎ አልፎታል፤ እኔም አብሬው አልፌዋለሁ። ዝም አልኩ።

ሰውዬው አልጨከኑብኝም። «ግሱ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ነው። የጣሊያንኛው ግስ ግን ምርጫውን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ነገሩን የተረዱት መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን «በኢጣሊያ በኩል ይሁን» የሚል መልስ ሲመጣላቸው ነው። ባንድ ግስ የተጀመረው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተፈታ።

«ዋና ከተማ ማንም ይሸመድዳል» አሉ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ። «ዲፕሎማት የሚቀጠረው ለግሱ ነው።»

ሰሌዳው ላይ ስሜ አልነበረም። እንጀራዬ የትርጉም ሥራ ሆነ። ዛሬም ውል ሳስተካክል «ይችላል» እና «ይገባዋል» ከሚሉት ላይ ስደርስ ብዕሬን አሳርፌ ደግሜ አነባለሁ፤ የእኚያ ሰው ድምፅ ይመጣብኛል።

የወንድሜ ልጅ ዕድሉ ሌላ ነው። መካነ ሰላም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት፤ እሱም እዚያው በኤሌክትሪክ መብራት ተምሯል። ለእኔ ሰባት ሌሊት የፈጀውን እሱ ስልኩ ላይ ቡና ሳይፈላ ያገኘዋል። እርሳስ አነሣና ደብተሬን ያርም ጀመር። ሌጎስን ሰርዞ አቡጃ፣ የላይኛው ቮልታን ሰርዞ ቡርኪና ፋሶ፣ ዛየርን ሰርዞ ኮንጎ አለ። ናሚቢያንና ደቡብ ሱዳንን ጨመረ። ከዚያ ኤርትራን ፈለገ፤ ከአገሮቹ ዝርዝር አጣት። ያገኛት ከኋላ ገጽ፣ ከክፍለ ሀገሮቹ መካከል፣ ከወሎና ከጎጃም ጋር ተሰልፋ ነው። እርሳሱን ይዞ ቆየ፤ ያቺን መስመር ሳይነካት ገጹን ገለጠ።

አንድ ማታ ምክር ልለግሰው ተሰናዳሁ። «ስልክ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም» የምትል ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ቀደመኝና፣ «ጋሼ፣ አባ ጎርጎርዮስን ታውቃቸዋለህ?» አለኝ።

አላውቅም።

ከቤተ አምሐራ፣ ከዚሁ ከእኛው ምድር የወጡ ካህን ናቸው። ሮም ላይ ኢዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ተጋብዘው ሄደው፣ በመስፍኑ በኧርንስት ግቢ ስለ ኢትዮጵያ ተጠየቁ፤ ስለ ሃይማኖቷ፣ ስለ ሥርዓተ መንግሥቷ፣ ስለ ቋንቋዋ። ሉዶልፍ በ1681 በላቲን ላሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ዋናው ምንጭ እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ግን መጽሐፉን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ቀራቸው።

ልጁ ስልኩን አስቀመጠ። «እሳቸውን የጠየቋቸው ስለ ሰው አገር አይደለም እኮ፣ ጋሼ። ስለ ራሳቸው ነው።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። እኔ ዓለምን በቃሌ ይዤ በጓሮዬ ቃል ወደቅሁ። እሱ በኪሱ ከያዘው ዓለም መካከል የጓሮውን ሰው ፈልጎ አገኘ። ጥፋቱን በስልክ ማሳበብ የማይሆነውን ያህል፣ እኔም ጥፋቴን በኩራዝ ማሳበብ አልችልም። ያነሰኝ መብራት ሳይሆን ጥያቄ ነበር። አራት ሆነን በሰባት ሌሊት ያን ሁሉ መልስ ስንገለብጥ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ፈተናውን ተፈትኖ ውጤቱን እየጠበቀ ነው። ወደ አገር ቤት ሲመለስ ከደሴ በሐይቅ አድርጎ ውጫሌ ወጣና ይስማ ንጉሥ ላይ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ ላከልኝ። «ውሉ የተፈረመው እዚህ ነው፣ ጋሼ» ይላል መልእክቱ።

እኔ ስለ ውጫሌ ተጠይቄ ካፈርኩ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈኝ። ይስማ ንጉሥን እስከ ዛሬ አላየሁም።