ከግንደወይን ወደ ሞያሌ፦ ድንበር ለመሻገር ስንሰናዳ

የግንደወይንን ሰው መንገድ አያስደነግጠውም። በአንድ በኩል ሞጣ፣ በሌላው ደብረወርቅና ቢቸና፣ ከዚያም ደጀንን አልፎ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ለነጋዴውም ለተማሪውም የለመደ ነው። የጥንቶቹ ሲራራ ነጋዴዎች፣ ብዙዎቹም ሙስሊሞች፣ ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነስተው እስከ ምጽዋ በበቅሎና በአህያ ይዘልቁ ነበር። እኛ ግን መኪና እየነዳን ከአገር ወጥተን አናውቅም።

ያስነሳን ጉዳይ አንድ ነው። ናይሮቢ ያለው ወንድማችን እናታችንን ካያት አሥራ አራት ዓመት አለፈው። እርሱ መምጣት አልሆነለትም፤ እርሷ ደግሞ አውሮፕላን አልሳፈርም ብላ ቁርጡን ነግራናለች። በአሮጌዋ ቶዮታ እኛው ልናደርሳት ተስማማን፤ ኢንሻ አላህ።

የምንነሣበትን ቀን አልቆረጥንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአካባቢያችን መንገድ መውጣት ምክር የሚጠይቅ ነገር ሆኗል። የመናኸሪያ ሾፌሮችን በየማለዳው እንጠይቃለን፤ «ዛሬ ደህና ነው» ሲሉን ነው ጓዝ የምንጭነው። በማታ አንነዳም።

መኪናዋ ብዙ አላስቸገረችንም፤ ፍሬን፣ ራዲያተር፣ ስፔር ጎማ፣ ክሪክ ታይቷል። ያደከመን ወረቀቱ ነው። ሊብሬው በአማታችን ስም ስለሆነ ውክልና አጻፍን፤ መንዳትን ብቻ ሳይሆን ከአገር ይዞ መውጣትንም በግልጽ እንዲናገር አደረግን። ጉምሩክ መኪናዋ ለጊዜው ወጥታ የምትመለስ መሆኗን መዝግቦ ነው የሚያሳልፈው። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር እንዳይለያይ ኮፈኑን ከፍተን፣ ባትሪ እያበራን፣ ቁጥር በቁጥር አመሳከርን።

አገር ውስጥ የምናውቀው የሦስተኛ ወገን መድን ድንበሩ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው የኮሜሳ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው ነው። እዚሁ ከመድን ድርጅት ይገዛል፤ ኬንያ ውስጥ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ብናደርስ ይክስልናል፤ የራሳችንን መኪና ስብራት ግን አይመለከትም። ሌላም ቢጫ ወረቀት አለ፤ የቢጫ ወባ ክትባት መያዣው። የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመነሻው ዋዜማ የሚሮጥ ሰው አይጠቀምበትም። እናታችን ሁለቱን ቢጫዎች በአንድ ከረጢት አድርጋ አንዱን «የመኪናዋ ክትባት» ትለዋለች፤ አልተሳሳተችም እንላለን።

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። አቆጣጠራችን ግን ሊያወዛግብ ይችላል። ቦሎው ላይ 2018 የሚል ያየ የኬንያ ፖሊስ ከብዙ ዓመት በፊት የተቃጠለ ሊመስለው ስለሚችል፣ የፈረንጁን ዓመት በወረቀት ጽፈን አያይዘናል። በሰዓት በኩል ግን ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። አንድ ሰዓት ሲል የኛኑ የጠዋት አንድ ሰዓት ማለቱ ነው።

ከአዲስ አበባ በሀዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ናይሮቢ ለመድረስም እንዲሁ። ሞያሌ ስሟ አንድ፣ መንግሥቷ ሁለት የሆነ ከተማ ናት፤ ቦረናው በሁለቱም በኩል ዘመድ አለው። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ የተመረቀው የአንድ ማቆሚያ ኬላ የሁለቱን አገር ሹማምንት አንድ ቤት አስቀምጧል፤ መውጫውም መግቢያውም እዚያው ያልቃል። መንገደኛ ነንና ሰላት እያሳጠርን እንሄዳለን። መካ ከኛ በስተሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለች ስለሆነች፣ እስከ ሞያሌ ድረስ ቂብላ ከጀርባችን ነው ማለት ይቻላል። ለሰላት በቆምን ቁጥር ወደ መጣንበት እንዞራለን።

ከሁሉ ያሳሰበን ከኬላው ወዲያ ያለው ነው። ኬንያ ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው። የኛም አገር እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ይነዳ እንደነበር አዛውንቶች ያስታውሱ ይሆናል፤ እኛ ግን እጃችን የቀኙን ለምዷል። አደባባይ በተቃራኒው ይዞራል፤ ወደ ቀኝ መታጠፍ ከፊት የሚመጣውን ማቋረጥ ይሆናል። አደጋው የሚብሰው ለሰላት ወይም ለነዳጅ ከቆሙ በኋላ ጭር ባለ መንገድ ላይ እንደገና ሲነሡ ነው፤ እጅ ሳያስቡት ወደ ለመደው ይሄዳል። ስለዚህ «ግራ» የሚል ጽሑፍ መሪው ላይ ለጥፈናል።

የኛ መኪና መሪው በግራ ነው። በግራ ሲነዳ ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ይሆንና ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ማዶውን አያይም። የሚያየው በቀኝ ወንበር ያለው ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ወጣት ወንድማችንን አሰብን፤ እናታችን ግን የፊቱን ወንበር ለማንም አልለቅም አለች። ምን ይደረግ? ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና አስቀምጠን አስተማርናት፤ ክፍት ሲሆን «እለፍ»፣ አንድ ነገር ሲመጣ «ቆይ» ማለት ነው። በመጀመሪያው ፈተና በበሩ በኩል የጎረቤት አህያ ጤፍ ተጭና ስትመጣ አየችና «ቆይ!» አለች። አህያዋ ግቢውን አልፋ እስክትሰወር ድረስም «እለፍ» አላለችንም።