ጸጋ ለማን ተሰጠ?

ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ አራት የሐሙሲት ልጆች ነን። ደብረ ታቦር ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ድስት ሽሮ እየተሻማን የምንኖር እጩ መምህራን መሆናችንን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ የምንጽፈው ስለ መንፈሳዊ ጸጋ ነው። ሰባኪዎች ስለሆንን አይደለም፤ ስለ ጸጋ ያለን ግምት ስሕተት ሆኖ ስላገኘነው ነው።

አራታችንም ያደግነው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አንዳችን ድምፀ መልካም ነው፤ ሲዘምር እናቶች በነጠላቸው ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። ሌላው ጥቅስ በቃሉ ይወጣዋል። ሦስተኛው መድረክ ላይ ከወጣ ቃል አይቸግረውም። አራተኛው ጓዳችን ግን ድምፁ ሻካራ ነው፤ ሰው ፊት ሲቆምም ላብ ያጠምቀዋል። እኛም፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ «አንተ ከኋላ ቁምና አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» እንለው ነበር። አብሮን ይስቃል። በኋላ ግን ከመዝሙር ክፍሉ ቀረ። ለምን ቀረህ ስንለው፣ «ጸጋ ሲታደል እኔ ገበያ ሄጄ ነበር» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ውስጥ ምን ያህል ኀዘን እንዳለ ያን ጊዜ አላስተዋልንም።

ለማስተማር ልምምድ ወደ አገራችን ስንላክ አራታችንም አንድ አራተኛ ክፍል ደረሰን፤ የትምህርት ዓይነቶቹን ተከፋፈልን። ሦስታችን የትምህርት ዕቅዳችንን አሳምረን፣ መርጃ መሣሪያችንን በካርቶን ሠርተን ገባን። ከወደ ኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። አንዱን ጠይቀነው ይመልሳል፤ ሌላውን ስንጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። «ሰነፍ ነው» ተባብለን ተውነው።

ያ ድምፁ የማያምረው ጓዳችን ግን አንድ ማታ የስም መጥሪያውን መዝገብና የልጁን ደብተር ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያገላብጥ አገኘነው። ልጁ የማያውቃቸው ትምህርቶች ሁሉ የሐሙስ ትምህርቶች ናቸው! ሐሙሲት ደግሞ፣ ስሟም እንደሚናገረው፣ ገበያዋ ሐሙስ ነው። እሱ ራሱ በልጅነቱ ሐሙስ ሐሙስ እናቱ በርበሬ ሲሸጡ ጆንያ ይጠብቅ ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባው።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበርና ገበያ ወረደ። ልጁን ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ተቀምጦ አገኘው። አልተቆጣውም፤ አጠገቡ ቁጭ አለና ሽንኩርቱን ለአራት ደንበኛ ማካፈል ያዙ። እናቲቱንም በአክብሮት አነጋገራቸው። «ልጄ፣ ሐሙስ ካልሸጥን ዓርብ ምን እንበላለን?» አሉት። ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ እኛም የለንም። ሆኖም ገበያው እስኪሞቅ ድረስ ልጁ ጠዋት እንዲማር፣ የቀረውን ደግሞ ዓርብ በዕረፍት ሰዓት እንዲያስጠናው ተስማሙ። ሦስተኛው ዓርብ ላይ ሌሎች የገበያ ልጆችም መጥተው ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ልምምዳችን ሊያበቃ ሲል ያ «ሰነፍ» ያልነው ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ 84ን ለ4 አካፍሎ፣ 21 ብሎ ጽፎ፣ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ አራግፎ ተቀመጠ። እኛ ሦስታችን ተያየን።

ደብረ ታቦር ስንመለስ ሌሊቱን በዚሁ ጉዳይ ስንከራከር አደርን። የጎረቤት ክፍል ተከራይ የሆነው ጴንጤ ጓደኛችንም ድምፃችንን ሰምቶ መጣ። «በእኛም ዘንድ እኮ በልሳን የሚናገረው ከፊት፣ ወንበር የሚደረድረው ከኋላ ነው» ብሎ ሳቀ። መጽሐፉን ገለጥን። ሐዋርያው ጳውሎስ በ50ዎቹ ዓመተ ምሕረት ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ለካ ይህንኑ በሽታ የሚያክም ነው። በማን ጸጋ ይበልጣል ይፎካከሩ ነበርና። በምዕራፍ 12 ጸጋዎችን ይዘረዝራል፤ በምዕራፍ 14 ስለ አጠቃቀማቸው ሥርዓት ያስይዛል፤ በሁለቱ መካከል ምዕራፍ 13ን ያስቀመጠው ስለ ፍቅር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ተአምራትና ልሳን አሉ፤ ሰውን መርዳትም አለ። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 12 ደግሞ ምሕረት ማድረግ ተቆጥሯል። ማስተማርማ በሮሜም፣ በቆሮንቶስም፣ በኤፌሶን ምዕራፍ 4ም አለ። ከመካከላችን ውጤት አልበቃ ብሎት ወደዚህ ሙያ የመጣ አለና ይህን ስናነብ ዝም አልን።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። በዓል በሆነ ሌሊት ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየወገናቸው ናቸው፤ ጸናጽሉ፣ መቋሚያው፣ ከበሮው ተራ ተራውን ይጠብቃል። ሁሉም ከበሮ ልያዝ ቢል ማን ያዜም ነበር? ትምህርት ቤቶቹስ ቢሆኑ? በዚሁ በደቡብ ጎንደር ብቻ ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለተክሌ አቋቋም ደብረ ታቦር ይኬዳል። ሁሉን የጠቀለለ አንድ ጉባኤ ቤት የለም። አኩፋዳውን ያነገተው ተማሪ አንዱ ጋ የጎደለውን ፍለጋ ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዛል። ጸጋም እንዲሁ ተከፋፍሎ የተሰጠው እንድንፈላለግ ይመስለናል።

ሌላም የተረዳነው ነገር አለ፤ ጸጋ ተሰጠ ማለት ድካም ቀረ ማለት አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ መምህሩ ቢገርፉት እንደ ጠፋ ትውፊታችን ይነግረናል። የመለሰው ዛፍ ላይ እየወደቀች እየተነሣች የወጣች አንዲት ትል ናት። እንግዲህ እኛ አስተማሪ ልንሆን የተዘጋጀን ሰዎች ይህን ታሪክ ስንሰማ ስለ ትሏ ብቻ ማሰብ የለብንም፤ ስለ አለንጋውም እናስብ። ያ ልጅ ባይመለስ ኖሮ ያ ሁሉ ዜማ የት ይቀር ነበር?

በዚያች ሌሊት ጓዳችንን ይቅርታ ጠየቅነው። «እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም፤ መዝገብ ነው ያየሁት» አለ። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የራሱን ጸጋ ባለቤቱ ቀላል ሥራ እያለ ያልፈዋል፤ የሚያየው የተጠቀመበት ሰው ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ «የእኔ ጸጋ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብቻችሁን ከምትጨነቁ «በእኔ ምክንያት የቆመ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጓደኛችሁንም ስታዩ ሳትዘገዩ ንገሩት፤ እኛ ዘግይተናል።

ጓዳችን አሁንም አይዘምርም። ግን በሄድንበት ክፍል ሁሉ አንድ ጥያቄ አስለምዶናል፤ እናንተም ውሰዱት፦ ሐሙስ ሐሙስ የሚቀረው ማን ነው?