ከጉና እስከ ጣና ቂርቆስ

ወንዛዬ፣ ደራ ወረዳ
ጥር 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ስልኩ እየተቆራረጠ አላወጋ ስላለንና እርስዎም «ያየኸውን ሁሉ ጽፈህ ላክልኝ» ስላሉኝ፣ ይኸው ከወንዛዬ ፍል ውሃ ትንሽ ራቅ ብላ ካለች የኪራይ ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ እጽፍልዎታለሁ።

መንገዴን የመራኝ የጉማራ ወንዝ ነው። ባሕር ዳር እንደገባሁ ያገኘሁት ሁሉ ጀልባ ተከራይተህ ደሴቶቹን እይ አለኝ። ጀልባ ለብቻ መከራየት የእኔ ኪስ የሚችለው አልሆነም። ደግሞም ጠዋት ሄዶ ለምሳ የሚመለስ ሰው ጣናን አየሁ ለማለት ይበቃዋል ብዬ አላምንም። ሐይቁን የሚሞላው ውሃ ከየት ይመጣል፣ ማንን እያጠጣ ይወርዳል፣ ምን ጠርጎ ይገባል፤ ይህን ሳያዩ ደሴት ላይ መቆም ጎደሎ መሰለኝ። ስለዚህ ከራሱ ከተራራው ልጀምር ብዬ፣ አንድ ጓደኛዬ ባዋሰኝ ቦክሰር ሞተር ወደ ደብረ ታቦር ወጣሁ።

ለሞተሯ አይስጉ። መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ቤንዚን ይበቃታል። ከኋላዋ ያሰርኩት ጋቢ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ካላማዳሪያ፣ ካንዴላና መፍቻ ብቻ ነው። በዚህ አገር ሞተር የሚነዱት የግብርና ባለሙያዎችና የከብት ሐኪሞች ስለሆኑ በየመንደሩ ስቆም ሰው ተሰብስቦ ስለ ማዳበሪያ ይጠይቀኛል። ባለሙያ እንዳልሆንኩ ስነግራቸው ደግሞ «ታዲያ ምን ፈልገህ ትዞራለህ?» ይሉኛል። ጋሳይ አካባቢ አንድ አዛውንት ወንዙን ተከትዬ እስከ ጣና ቂርቆስ ልወርድ መሆኑን ሲሰሙ፣ «እንግዲያ አንተ የቆሎ ተማሪ ነህ!» ብለው ቤታቸው አስገቡኝ። ትኩስ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ቀረበልኝ፤ ማታም ከምድጃው አጠገብ መደብ ላይ አሳደሩኝ።

አባቴ፣ ያን ሌሊት ስለ እርስዎ ሳስብ ነጋ። በልጅነትዎ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንጠልጥለው፣ ውሻ መከላከያ ዱላ ይዘው ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋስዕት ወደ ዙር አምባ የተጓዙትን ሲያወሩልን እኛ እንደ ተረት ነበር የምንሰማው። ገንዘብ ሳይኖር አገር ለአገር መዞር የውጭ ወጣቶች ጀርባቸው ላይ ቦርሳ አዝለው ያመጡት ልማድ ይመስለን ነበር። እዚህ ግን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ የሚቆም ተማሪ ዛሬም አለ፤ ለእሱ የሚቆረስ እንጀራም አለ። የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ በሩ ይከፈትለታል። እኔ ሆቴል የምከፍለው ስላነሰኝ ይህን አየሁ፤ ሙሉ ኪስ ይዤ ብመጣ ኖሮ አስፋልት ዳር አድሬ አልፈው ነበር።

ደብረ ታቦር ብርዱ ብርቱ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ናት። ጋፋትን አይቻለሁ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት ቦታ ዛሬ ጸጥ ያለ ኮረብታ ነው። ሰባት ቶን የሚጠጋውን መድፍ ከዚህ ተነሥተው፣ መንገዱን ራሳቸው ፊት ቆመው እያስጠረጉ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አገቡት። አስፋልቱ ላይ ሞተር ይዞ ለሚንሸራተት ሰው ያ ድካም አይገባውም። ገደሉን ቆም ብሎ ሲያዩት ግን ወገብ ያማል።

ጉና ላይ ሞተሯ ትንፋሽ አጠራት። ከፍታው ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በደንብ ስለማይነድ በአንደኛ ማርሽ እንኳ ታቃስታለች። ከአንድ ገበሬ ግቢ አቁሜያት በእግሬ ወጣሁ። የገብሱ እርሻ እየቀነሰ ሄዶ አስታው ይጀምራል፤ ከዚያ ጓሳ፤ ከጓሳው መሐል ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመ ጅብራ። ጠዋት ውርጩ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ጉማራን እዚያ አገኘሁት አባቴ። ከጓሳው ሥር እየተንጠባጠበ፣ በመዳፍ የሚገታ ውሃ ነው። ጓሳው ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቀው ነው በበጋ እንኳ ወንዙ የማይደርቀው። ርብም የሚነሣው ከዚሁ ተራራ ነው፤ ከግልገል አባይና ከመገጭ ጋር ሆነው ወደ ጣና የሚገባውን አብዛኛውን ውሃ የሚያመጡት እነዚህ አራት ወንዞች ናቸው። እርሻው ግን ወደ ላይ እየወጣ ነው። ቁልቁለቱ ሰው እንኳ የሚቆምበት በማይመስል ቦታ ድንች ተቆፍሮ አይቻለሁ። መሬት የጠበበው ገበሬ ምን ያድርግ? ቢሆንም ጓሳው ካለቀ ታች ያለው ሁሉ እንደሚጠማ ሳስብ ልቤ ተረበሸ።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ሳላግል፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ዓለም በር ካለፍኩ በኋላ አውራ አምባ ገባሁ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌለበት መንደር መሆኑን ሲሰሙ ቅር እንደሚልዎት አውቃለሁ። ግን አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የጀመሩት ማኅበር ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን በአንድ ቤት ሰብስቦ ይንከባከባል፤ ሴቷ ሞፈር ትይዛለች፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሁሉም ይሸምናሉ። የእንግዳ ማረፊያቸው ንጹሕና ርካሽ ነው። እኔ አክብሬያቸው ነው የወጣሁ፤ እርስዎም የሽማግሌዎቹን ቤት ቢያዩ የሚመርቋቸው ይመስለኛል።

ፎገራን ቶሎ አለፍኩት፤ ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ፊት ይመታል። ክረምት በጎርፍ የሚሸፈነው ያ ሜዳ አሁን ሽንኩርትና ጓያ ለብሷል፤ የሩዙ ገለባ በየማሳው ተከምሯል። ሩዝ በደርግ ዘመን ሲገባ ሰው ምን እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር ይላሉ። ዛሬ ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግሩታል፤ ከደራዋ ጅግና ስሙን የወሰደው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘርም አገር አቋርጦ ሄዷል።

ወንዛዬ የገባሁት ከዋናው አስፋልት ወደ ምሥራቅ ታጥፌ በአቧራማ መንገድ ነው። እዚህ ጉማራ ጎልምሷል፤ ከዳሩ ደግሞ ሙቅ ውሃ ከመሬት ይፈልቃል። ጉና ራሱ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የተከመረ እሳተ ገሞራ ነው፤ የዝናቡ ውሃ በስንጥቁ ወደ ጥልቁ ገብቶ ሞቆ ይመለሳል። ከጎጃምም ከጎንደርም ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ወገቡን የሚያመው ሁሉ ስንቁን በአህያ ጭኖ ይመጣል። ሽሮና ድርቆሽ ይዘው ቤት ተከራይተው ይሰነብታሉ፤ አንዱ የሌላውን እሳት ይለምናል፤ ያገገመ ለታመመ ውሃ ይቀዳል። ከጎኔ ያሉት እናት ከእስቴ የመጡ ናቸው፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ በቃሬዛ ገብተው ዛሬ ዱላ ይዘው ይሄዳሉ። እኔም የሞተር መቀመጫ ያደነደነው ወገቤ ለቀቀልኝ። ለዚህ ነው ከጣና መልስ ተመልሼ እዚህ የሰነበትኩት።

ከአንድ ገበሬ ጋር ማሳውን ሳይ ዋልኩ። በተዳፋቱ ላይ አግድም የተቀደዱ ቦዮች አሉ፤ ፈሰስ ይሏቸዋል። ክረምት ውሃው ማሳውን እንዳያጥበው በሞፈር ያወጡለታል። ለራሱ ማሳ ደህና ነው፤ ውሃው ግን ተጠራቅሞ ከታች ያለውን መሬት ሰርስሮ ቦረቦር ያደርገዋል። «ከላይ ያለው ጎረቤቴ ፈሰሱን ወደ እኔ ይለቃል፤ እኔ ደግሞ ወደ ታችኛው፤ መጨረሻው ጣና ነው» አለኝ። ሰውየው ነገሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። የድንጋይ እርከን የሠሩ አሉ፤ እርከን ግን ብቻውን የቆመ ገበሬ አይችለውም፣ ከላይ እስከ ታች ያለው ሁሉ ተስማምቶ ሲሠራው ነው የሚይዘው። ከንግግሩ በኋላ ወንዙን ሳየው በጋ ስለሆነ ጠርቷል። ክረምት ላይ ግን ይህ ውሃ የጉናን አፈር ተሸክሞ ቡና መስሎ ነው የሚያልፈው።

ታች ወርጄ ያየሁትም የገበሬውን ቃል እውነትነት ነው። ጉማራ ጣና ሲገባ ያመጣውን ደለል እያራገፈ መሬት ይሠራል፤ ውሃው በበጋ ሲሸሽ ገበሬው እየተከተለ ይዘራበታል። በፎገራ በኩል ያለውን ዳርቻ እምቦጭ አልብሶታል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታየው ይህ አረም አበባው ውብ ነው፤ ጀልባ ግን አያሳልፍም፣ ዓሣ አያሠግርም፣ የከብት መጠጫ ይዘጋል። ሰው ደረቱ ድረስ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው አየሁ። የሚያፋፋው ከማሳው ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው፤ ላይ ያለው ማሳ ሳይታከም ታች ያለውን አረም ብቻ መንቀል አያዛልቅም የምለው ለዚህ ነው።

ጣና ቂርቆስ የጉማራ አፍ አጠገብ ነው። ሞተሯን ዳር ላይ አደራ ብዬ በታንኳ ተሻገርኩ። ታንኳው የደንገል ነው፤ ውሃ ከሥሩ እየገባ ያረጥባል፣ ግን አይሰጥምም። ቀዛፊው እንደነገረኝ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ደንገሉም ከዳር እየጠፋ ስለሆነ አዲስ ለመሥራት ሩቅ ይኬዳል።

ጣና 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ጥንታዊ ነገሥታት ያረፉበትን ዳጋ እስጢፋኖስን፣ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ሁሉም ያውቃቸዋል። ይኸኛው ግን ሌላ ነው። ደሴቱ አለት ነው፤ ዛፎቹ ጥቅጥቅ ብለው ወደ ውሃው ያዘነብላሉ። ታቦተ ጽዮን አክሱም ሳትገባ 800 ዓመት እዚህ እንደተቀመጠች አባቶች ይናገራሉ፤ አናታቸው የተቦረቦረ የድንጋይ ዓምዶችን አሳይተውኝ የመሥዋዕት ደም ይቀመጥባቸው ነበር አሉኝ። እኔ ግን የመጣሁት እርስዎ በላኩኝ ጉዳይ ነው። «ቅዱስ ያሬድ ከዙር አምባ ሌላ የት ተቀምጧል ይባላል?» ብዬ ስጠይቅ አንድ አረጋዊ መነኩሴ እጄን ይዘው ወደ ዛፎቹ ጥላ ወሰዱኝና እዚህ ማኅሌት አስተምሯል የሚለውን ትውፊት ነገሩኝ። አባቴ የዙር አምባ ተማሪ እንደነበሩ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና ከዝማሬው በለሆሳስ ጀመሩልኝ። እርስዎ ማለዳ ማለዳ ሲያዜሙት የምንነቃበት ዜማ ነበር። ቃሉን ባላውቀውም ዜማው የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ አውቀው ነበር። እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ለምግብ ከሚሰጡኝ ቆሎና ዳቦ ሌላ ብዙ አላወጣሁም። ለቤተ ክርስቲያኑ ሻማና ዕጣን ይዤ ሄጄ ነበር፤ በእርስዎ ስም አስረክቤያለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። ጉልበትዎን የሚያምዎት እየባሰ መሄዱን እህቴ ነግራኛለች። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በአውቶቡስ፣ ከዚያ እስከዚህ በሚኒባስ ይመጣል፤ ክፍሉ ርካሽ ነው፣ እኔም አብሬ እሆናለሁ። ጾሙ የካቲት 25 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ቢመጡ ውሃውን ለሁለት ሱባዔ ይገቡበታል። ከሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ጋር እንዳይጋጭ ብቻ ቀኑን ይንገሩኝ። ጉልበትዎ ከተፈታ ጣና ቂርቆስ እናልፋለን፤ መነኩሴው «አባትህን አምጣልኝ» ብለውኛልና ቃል ገብቻለሁ። በታንኳ ሳይሆን በሞተር ጀልባ እናደርገዋለን፤ ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር ከተጋራነው ዋጋው ይቻላል።

ሲመጡ ወፍራሙን ጋቢ እንዳይረሱ፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ለእናቴ የፎገራ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ኤክስ ጅግና ሩዝ ገዝቼ ይዣለሁ፤ ከእንጀራው ሊጥ ጋር ቀላቅላ እንድትሞክረው ይንገሩልኝ። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። መልስዎን በቶሎ እጠብቃለሁ።

አክባሪ ልጅዎ