ያለፈ ድልና የዘንድሮ ቦታ

በቱር ደ ፍራንስ አንድ ቡድን የሚያሰልፈው 8 ብስክሌተኞችን ብቻ ነው። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. 9 ያሰልፍ ነበር፤ ከ2018 ጀምሮ ግን አንዱ ቦታ ተቀነሰ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ትልቅ ቡድን እስከ 30 የሚደርሱ ብስክሌተኞችን ስለሚቀጥር፣ ሃያ ያህሉ በየዓመቱ የሙያቸውን ትልቁን ውድድር እንደማንኛውም ሰው በቴሌቪዥን ይከታተሉታል። የተመረጡት 8ቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው የተቆረጠ ሥራ አላቸው። አንዱ ለአጠቃላይ አሸናፊነት ይወዳደራል፤ ሁለት ሦስቱ ዳገት ላይ ከፊቱ እየጋለቡ ይጎትቱታል፤ ሌላው በሜዳማ ቀናት የመጨረሻዎቹን 200 ሜትሮች የሚፈተለክ ስፕሪንተር ነው፤ የቀሩት ነፋስ ይከላከላሉ፣ ውኃ ያመላልሳሉ። 3 ሳምንት በሚፈጅ፣ 21 ምዕራፎች ባሉትና ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሸፍን ውድድር አንዱ ሥራውን መወጣት ሲያቅተው ሸክሙ የሚወርደው በቀሩት 7 ትከሻ ላይ ነው።

ዝናው ገና ሳይደበዝዝ ጉልበቱ የደከመ የቀድሞ ኮከብ ሲኖር ምርጫው የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። «ቦታው ይገባዋል» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይባላሉ። አንዱ የውለታ ጉዳይ ነው፤ ለቡድኑና ለስፖርቱ ብዙ የሰጠ ሰው አጸፋውን ሊያገኝ ይገባል ማለት ነው። ሁለተኛው የብቃት ጉዳይ ነው፤ ዘንድሮ የሚሰጠውን ሥራ ከሌላው አስበልጦ ይሠራል ማለት ነው። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው አንደኛው ወገን ስለ ውለታ፣ ሌላኛው ስለ ብቃት እየተናገረ ሁለቱም አንድ ቃል ስለሚጠቀሙ ነው። በአንድ ቀን ልዩነት የተወለዱ የሁለት ብስክሌተኞች ታሪክ ሁለቱን ነገሮች ለመለየት ይረዳል። ክሪስ ፍሩም ሜይ 20 ቀን 1985 ናይሮቢ ውስጥ ተወለደ፤ ማርክ ካቨንዲሽ ደግሞ በማግስቱ፣ በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል በምትገኘው በማን ደሴት።

ፍሩም ቱር ደ ፍራንስን 4 ጊዜ አሸንፏል፤ በ2013፣ በ2015፣ በ2016 እና በ2017። በ2018 የጣሊያኑን ጂሮ ሲያሸንፍ በ19ኛው ምዕራፍ ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ ከተባለው ዳገት ተነሥቶ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ጋልቧል። ጁን 12 ቀን 2019 ግን በፈረንሳይ ሮአን ከተማ፣ የዕለቱን የግል ክሮኖሜትር (እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት ውድድር) መንገድ እየቃኘ ሳለ ነፋስ አናግቶት በከፍተኛ ፍጥነት ከግድግዳ ጋር ተላተመ። የጭኑ አጥንት፣ ክርኑና የጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ። ከዚያ አልጋ ተነሥቶ እንደገና ኮርቻ ላይ መቀመጡ ብቻውን ትልቅ ድል ነበር።

የ2020ው ቱር በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ኦገስት መጨረሻ ሲሸጋገር የፍሩም ቡድን ኢኒዮስ እሱንም፣ የ2018ቱን አሸናፊ ጌሬይንት ቶማስንም ከምርጫው አስቀራቸው። ቡድኑ የያዘው የ2019ኙን አሸናፊ ኢጋን በርናልን ነበር። በርናል ጀርባውን ታምሞ ከ17ኛው ምዕራፍ በፊት ውድድሩን አቋረጠ። ያኔ ብዙዎች ፍሩም ሊመረጥ ይገባው እንደነበር ተናገሩ። የበርናል መታመም ግን ስለ ፍሩም እግር የሚናገረው ነገር የለም። ፍሩም በዚያው ዓመት ከቱሩ በኋላ በስፔኑ ቩኤልታ ተወዳድሮ 98ኛ ወጣ። ምርጫ የሚመዘነው ግን በተመረጠበት ዕለት በሚታወቀው ነገር ነው፤ በዚያ ዕለት የሚታወቀው ደግሞ የፍሩም ሰውነት ከመሪዎቹ ጋር ዳገት ለመውጣት ገና እንዳልደረሰ ነበር።

የካቨንዲሽ መንገድ ሌላ ነው። እሱ ዳገት ወጪ ሳይሆን ስፕሪንተር ነው። በ2016 መጨረሻ በቱር ደ ፍራንስ የ30 ምዕራፎች አሸናፊ ነበር፤ ኤዲ መርክስ በ1969 እና በ1975 መካከል ካስመዘገበው የ34 ድል ክብረ ወሰን የቀረው 4 ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ አቅሙን አሟጠጠው። በ2017 ቱር በፍጻሜ ፍልሚያ ወድቆ የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። በ2018 በተራራማው 11ኛ ምዕራፍ ከተፈቀደው ሰዓት ዘግይቶ በመግባቱ ከውድድሩ ወጣ። በ2019ም በ2020ም በቱሩ አልተሰለፈም። በ2020 ኦክቶበር ከአንድ የቤልጂየም ውድድር በኋላ ምናልባት የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል በእንባ ተናገረ።

በቀጣዩ ዓመት የቤልጂየሙ ዴኬኒንክ ኩዊክ ስቴፕ በትንሽ ክፍያ መልሶ ተቀበለው። የቱሩን ቦታ ግን ቃል አልገባለትም፤ የቡድኑ ስፕሪንተር በ2020 የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ሳም ቤኔት ነበር። ካቨንዲሽ ከ3 ዓመት በላይ ድል ሳያይ ቆይቶ በኤፕሪል 2021 በቱርክ ውድድር 4 ምዕራፎችን አሸነፈ፤ በጁን ደግሞ በቤልጂየም ዙሪያ ውድድር ሌላ ድል ጨመረ። ቤኔት ጉልበቱን ሲታመምና ቱሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ቦታው ለካቨንዲሽ ተሰጠ። እሱም በፉዤር፣ በሻቶሩ፣ በቫላንስና በካርካሶን አሸንፎ 34 ደረሰ፤ አረንጓዴውን ማሊያም ይዞ ፓሪስ ገባ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታማኝነትና ተስፋ እንዴት እንደሚከፍሉ ማሳያ ተደርጎ ነው። በቅርበት ሲታይ ግን ምርጫው የተመሠረተው በ30ዎቹ አሮጌ ድሎች ላይ አልነበረም። በዚያው ዓመት በተገኙ 5 ድሎች ላይ ነበር። ሥራውም ጠባብና ግልጽ ነበር፤ ዳገቱን በተፈቀደው ሰዓት ማለፍ፣ በሜዳማ ቀናት ደግሞ የቡድን አጋሩን የሚካኤል ሞርኮቭን የኋላ ጎማ ተከትሎ እስከ መጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች መድረስ። የቆየ ልምዱ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ በተጨናነቀ ፍጻሜ ቦታ መምረጥና የሚፈተለኩበትን ቅጽበት ማወቅ ከዕድሜ ጋር ቶሎ የሚጠፋ ችሎታ አይደለም።

ያው ቡድን በ2022 ካቨንዲሽን አስቀረው። በሜይ የጂሮን አንድ ምዕራፍ አሸንፎ ነበር፤ ጁን 26 ደግሞ የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። አንድ ድል ብቻ ቢጨምር መርክስን ይበልጥ ነበርና ውሳኔው ብዙ ተመልካቾችን አስቆጣ። ቦታው የተሰጠው ለፋቢዮ ያኮብሰን ነው። ያኮብሰን በኦገስት 2020 በፖላንድ በፍጻሜ ፍልሚያ ከአጥር ጋር ተላትሞ ለሞት ተቃርቦ የነበረ፣ ፊቱን ደጋግሞ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወጣት ነው። ወደ ውድድር ተመልሶ በ2021 ቩኤልታ 3 ምዕራፎችን አሸንፏል። በ2022 የመጀመሪያ ቱሩን ሲጀምር በ2ኛው ምዕራፍ በዴንማርኳ ኒቦር ከተማ አሸነፈ። ለካቨንዲሽ የተቆረቆሩ ሰዎች ሐዘን እውነተኛ ነበር፤ ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። በዚያ ወንበር ላይ ሌላ ብዙ የተሠቃየ ሰው ተቀምጦ ነበር።

ስለ ውለታ የሚደረግ ክርክር አዘውትሮ የሚዘነጋው ይህንን ነው። ኮከቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ በእሱ ምክንያት የሚቀረውን ሰው ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ትግራይ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ከላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ጋር በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያ ዓመት ፍሩም ሦስተኛውን የአጠቃላይ አሸናፊ ቢጫ ማሊያ የወሰደበት፣ ካቨንዲሽም 4 ምዕራፎችን ያሸነፈበት ነው። ፅጋቡ በዚያ ቱር ምንም ምዕራፍ አላሸነፈም። ሆኖም ያች አንዲት ቦታ ለአንድ አገር ብስክሌተኞች የተዘጋ ይመስል የነበረ በር ከፈተች። አንድ ቦታ ለማስታወሻ ሲሰጥ እንዲህ ያለ በር ሳይከፈት ሊቀር እንደሚችል መራጩ ማሰብ አለበት።

ፍሩም በ2021 ወደ እስራኤል ስታርት አፕ ኔሽን ተዛወረና በቱሩ 133ኛ ወጣ። በ2022 በዚያው ቡድን በአልፕ ዱዌዝ ዳገት ላይ ከቶም ፒድኮክና ከሉዊ ሜንትጄስ ቀጥሎ 3ኛ ሆነ፤ ከአደጋው ወዲህ ያሳየው ከሁሉ የላቀ ቀን ነበር። ያ ቀን ብልጭታ እንደነበር ሊታበል አይችልም። በኮሮና ተይዞም ከ18ኛው ምዕራፍ በፊት ወጣ። ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ በነጥብ ማነስ ከከፍተኛው እርከን ወርዶ በ2023 በአዘጋጁ ግብዣ ብቻ ነበር የተሳተፈው። በዚያ ዓመት ፍሩም ሳይመረጥ ቀረ፤ እሱም በጥቂቶቹ ውድድሮቹ የገጠሙትን የመሣሪያ ችግሮች አንሥቶ ቅሬታውን ገለጸ። ከተመረጡት አንዱ ማይክል ውድስ በ9ኛው ምዕራፍ የፑይ ደ ዶምን ዳገት ወጥቶ አሸነፈ።

ከእነዚህ ጉዳዮች መራጭ ሊይዛቸው የሚገቡ መለኪያዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የዘንድሮ ማስረጃ ነው፤ በቅርብ ወራት፣ ከጠንካራ ተወዳዳሪዎች ጋር የታየ ብቃት። ሁለተኛው ሥራው ምን እንደሆነ መለየት ነው። ለአጠቃላይ አሸናፊነት የሚወዳደር ሰው 3 ሳምንት ሙሉ መድከም የለበትም፤ አንድ ክፉ ቀን ሁሉን ያበላሽበታል። ስፕሪንተር ግን በ21 ቀን ውስጥ አንድ መልካም ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ከጉዳት የተመለሰ ስፕሪንተርን መሞከር ከተመለሰ የቢጫ ማሊያ ተፎካካሪ ይልቅ ሚዛን ይደፋል። ሦስተኛው ኮከቡ ዝቅ ያለ ሥራ ለመሥራት መፍቀዱ ነው። ትናንት የተጎተተ ሰው ዛሬ ለወጣት መጎተትና ውኃ ማቀበል ከቻለ ልምዱ ለቡድኑ ሀብት ይሆናል፤ ካልቻለ ግን ስሙ በየማታው ስብሰባ ላይ ሸክም ነው።

የስፖንሰር ፍላጎትም ከምርጫው አይለይም። የብስክሌት ቡድን መግቢያ ትኬት አይሸጥም፤ የሚኖረው ስሙ በማሊያው ላይ እንዲታይ በሚከፍል ድርጅት ነው። ታዋቂ ሰው ካሜራ ይስባል። የቱሩ አዘጋጆች ራሳቸው ግን ስም ብቻውን እንደማይበቃ በ2003 አሳይተዋል። ያኔ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው፣ በቱሩ 12 ምዕራፎችን ያሸነፈው የማሪዮ ቺፖሊኒ ቡድን ሳይጋበዝ ቀረ። ቺፖሊኒ ተራራው ሲመጣ ውድድሩን እየተወ ስለሚሄድ አንድም ጊዜ እስከ ፓሪስ ዘልቆ አያውቅም ነበር።

ይህ ሁሉ ማለት አሮጌ ኮከብ ይጣል ማለት አይደለም። አስታና የተባለው ቡድን በ2023 ካቨንዲሽን ይዞ ቀረበ፤ ካቨንዲሽ ግን በ8ኛው ምዕራፍ ወድቆ በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት ተሰበረ። ቡድኑ በ2024 ሥራውን በእሱ ዙሪያ አዋቅሮ፣ ሞርኮቭንም አምጥቶ ተመለሰ። ጁላይ 1 ቢንያም ግርማይ የተባለው ኤርትራዊ በቶሪኖ አሸንፎ በቱሩ ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ጁላይ 3 ደግሞ የ39 ዓመቱ ካቨንዲሽ በሳን ቩልባ 35ኛውን አገኘ። አዲሱና አሮጌው በአንድ ሳምንት ተገናኙ፤ ሁለቱም ለጥርት ያለ ሥራ የተመረጡ ነበሩና።

ለቀድሞ ኮከብ ያለ ውለታ የሚከፈልበት መንገድ ሌላ ነው። መለኪያው ከውድድር ዘመኑ መጀመሪያ አንሥቶ ሊነገረው፣ መለኪያውን የሚያሟላበት በቂ ውድድርና ደኅና ብስክሌት ሊሰጠው፣ ካልተመረጠም ውሳኔውን ከዜና ሳይሆን ከመራጩ አፍ ፊት ለፊት ሊሰማ ይገባል። በ2021 ካቨንዲሽ ያገኘው ይህንን ዕድል ነበር፤ የቱሩን ቦታ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።