የልጅ ልጄና የአሮጌው ላንድሮቨር ሪቬት

ጋሸና የመንገድ ከተማ ናት። ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚያልፈው የቻይና መንገድ ላይ ሆና የላሊበላን መገንጠያ ትይዛለች። እዚህ የሚያድግ ልጅ ከመኪና አይርቅም። የልጅ ልጄም በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እግሩ ጋራዥ ለመደ፤ ከተከፈተ በኋላም ልቡ እዚያው ቀረ። አባቱ «ልጄ ተበላሸ» ብሎ አኮረፈው፤ አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ ሳይነጋገሩ መብላት ጀመሩ። እኔ ጡረተኛ ነኝና ሳልፈርድ ልየው ብዬ ሄድኩ።

አሮጌ ላንድሮቨር እያደሱ ነበር። በሥራ ዘመኔ ክትባት ይዘን ገጠር የምንወጣው በእንዲህ ያለው መኪና ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ብረት አጥሮ ስለነበር፣ አብዛኛው ቦዲው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ላሜራውም ብዙ ቦታ የተያያዘው በሪቬት ነው።

ባትላሜራ ሠሪው ሲያስተምረው ቆሜ ሰማሁ። አሮጌ ሪቬት አይፈነቀልም፤ ጭንቅላቱ ብቻ በልኩ ፑንታ ይበሳና ግንዱ በቀስታ ተመትቶ ይወጣል። ቀዳዳው ከሰፋ አዲሱ አይይዝም፤ ለ3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት 3.3 ይበቃል። የቀዳዳው ጠርዝ ካልጸዳ፣ ላሜራዎቹም ካልተጣበቁ ማሰሪያው ይላላል። ከአንድ ወገን ብቻ ሲደረስ የሪቬት ሽጉጥ ይሠራል፦ ሲጨመቅ የመሐሉ ሽቦ ከኋላ ያለውን ጫፍ አሳብጦ ይበጠሳል። ከሁለቱም ወገን ከተደረሰ ድፍኑ ሪቬት ይመረጣል። አንዱ ሰው ጭንቅላቱን በከባድ ብረት ይደግፋል፣ ሌላው ጅራቱን በመዶሻ ይመታል። ከላሜራው የሚተርፈው ጅራት የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል ያህል ይሆናል፤ ቢያጥር አይይዝም፣ ቢረዝም ይጣመማል። አሉሚኒየም ላይ ተራ የብረት ሪቬት ከገባ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ዙሪያውን ይበላዋል።

ይህ ሁሉ ልክ፣ ንጽሕናና ትዕግሥት ነው፤ እኛም ነርሶች የተማርነው ይህንኑ ነው። ልጁ ተበላሽቷል የሚለው ሐሳብ ያን ቀን ከልቤ ወጣ።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር፤ ማንም መነጽር አላደረገም። «ሲስተር፣ ለምደነዋል እኮ» አሉኝ። ዓይን ግን አይለምድም። ሲበሳ የሚፈናጠር የብረት ፍንጣሪ ብሌን ሊወጋ ይችላል። እንዲህ ከሆነ አይታሽ፣ አይነቀል፣ በመድኃኒትም አይሞከር፤ ዓይኑን ሳትጫኑ በንጹሕ ኩባያ ሸፍናችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱ። ላሜራ የቆረጠው እጅ በውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ የቴታነስ ክትባትም ይጠየቅ። ለልጁ መነጽርና ጓንት ገዛሁለት።

አንድ ቅዳሜ አባቱን «ና፣ ልጅህን ሲሠራ እየው» ብዬ ወሰድኩት። ደጋፊ ሰው ጎድሎ ነበርና ሠሪው ብረቱን አስያዘው። ልጁ መታ፣ አባቱ ደገፈ። «አባዬ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዘው» ሲለው ዝም ብሎ ታዘዘ። ማታ ተነጋገሩ፦ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ይሄዳል፣ ከዚያ ቴክኒክና ሙያ ይገባል።

እናንተም የልጃችሁ ሙያ ካሳሰባችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ቀን አጠገቡ ቁሙ። ስትሄዱም መነጽር ይዛችሁለት ሂዱ።