የምስር ፍሬ የምታህል ስንጥቅ

ሰው በእጁ ካሉት ነገሮች መካከል እንደ መስታወት የሚዘነጋው የለም። መስታወት ደኅና ሆኖ ሳለ በእርሱ በኩል ሌላውን እናያለን እንጂ እርሱን አናየውም፤ መኖሩን የምናስታውሰው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ነው። የውል ወረቀትም ጠባዩ ከዚህ አይለይም። ፈርመን ካስቀመጥነው በኋላ ክፉ ቀን ሳይመጣ ገልጠን የምናነበው ጥቂቶች ነን። በ2011 ዓ.ም. በዋግ ኽምራ ደጋ ላይ ያገኘን ነገር መስታወቱንም ውሉንም በአንድነት አስታውሶናል። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ዳሩ ግን ከትንሽ ነገርም ትምህርት ይገኛልና ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

እኛ በአንድ ትምህርት ቤት የምናስተምር ሁለት ባልንጀሮች ነን። ዕቁብ በደረሰን ጊዜ ገንዘባችንን አጋጥመን አንዲት ያገለገለች ቶዮታ መኪና ገዛን። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለ መኪና ሁሉ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን እንዲገባ ያስገድድ ነበር። ይህ ዓይነቱ መድን ግን የሚቆመው በመኪናው ለሚጎዳው ለሌላው ሰው ነው፤ የባለቤቱ መስታወት ቢሰበር አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። የራስን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው በፈቃድ የሚገባው ሰፊው መድን ነው። እኛም በደመወዛችን ላይ ከብዶን ሳለ ይህንኑ ገባን፤ አረቦኑን ከፈልን፤ ወረቀቱንም ሳናነበው በመኪናው ሣጥን ውስጥ ከተትነው።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የባልንጀራችን ልጅ ሠርግ በሰቆጣ ስለ ሆነ ተነሣን። በደሴና በወልድያ አልፈን፥ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ታጥፈን፥ በማግሥቱ የቢልባላን መንገድ ያዝን። ያ አገር ተራራው በተራራ ላይ የተደረበ፥ መንገዱም ጠጠር የለበሰ ነበር። ወደ አስከተማ ስንቃረብ ከፊታችን የመጣ የጭነት መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ አንዲት ጠጠር ከጎማው ሥር ተስፈንጥራ የፊት መስታወታችንን መታችው። ወርደን ብናይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ አገኘን። «ይህ ምን ይጎዳል?» ተባባልንና ጉዟችንን ቀጠልን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ እንደ ተረትን ግን አላሰብነውም።

ሰቆጣ በፍቅር ተቀበለችን። ሠርገኛው ከፊሉ በአማርኛ፥ ከፊሉ በኽምጣኛ ይዘፍን ነበር፤ የዋግ ማርም አልተነፈገንም። በማግሥቱ ከከተማው ውጭ ከአንድ አለት የታነጸውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ማልደን ተነሣን። ሌሊቱ እጅግ የበረደ ስለ ነበረ ጤዛውና አቧራው በመስታወቱ ላይ ተጋግሮ አገኘነው። ቸኮልንና ለእግር መታጠቢያ ከተጣደው ሙቅ ውሃ በጣሳ ቀድተን ደፋንበት። ወዲያው እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ያቺ የምስር ፍሬም ከመስታወቱ ወገብ እስከ ጫፉ የሚደርስ ረጅም ክር ሆነች።

የመኪና የፊት መስታወት በእውነቱ ሁለት መስታወት ነው። በመካከላቸው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ገብቶ ያያይዛቸዋል፤ ስለዚህ ቢሰበር እንኳ ተበታትኖ የተሳፋሪውን ፊት አይቆርጥም። ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለው ፈረንሳዊ በ1903 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራው ከከፍታ የወደቀ የመስታወት ዕቃ ከውስጡ በደረቀው መድኃኒት ተያይዞ ሳይበታተን ቢያገኘው ይህን አሳብ እንደ ጠነሰሰ ይነገራል፤ በ1909 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዝግቧል። ጠጠር የውጭውን መስታወት ብቻ የነካው እንደ ሆነ፥ ጠባሳውም ትንሽ ከሆነ፥ ባለሙያ ቆሻሻ ሳይገባበት ልዩ ሙጫ ሞልቶ ያድነዋል። የተሰነጠቀ መስታወት ግን ብርድና ሙቀት በአንድ ጊዜ ያገኘው እንደ ሆነ አንዱ ወገን ሲለጠጥ ሌላው ስለሚጨበጥ ስንጥቁ ይሮጣል። እኛ በጣሳ ሙቅ ውሃ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ያን ዕለት ማታ የውሉን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በፋኖስ ብርሃን አነበብነው። የፊት መስታወት በድንገት ቢሰበር መድን ሰጪው እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ይከፍላል ይላል፤ ከዚያም ላይ ተቀናሽ አለበት፤ ደግሞም መድን ገቢው አደጋውን ሳይዘገይ ያስታውቅ ይላል። አዲስ መስታወት የሚያወጣው ገንዘብ ከአንዳችን የወር ደመወዝ የሚበልጥ ነበርና ከሁለታችን አንዱ፥ ማንኛችን እንደ ሆነ አሁን መናገር አያስፈልግም፥ «ሁሉንም ጠጠሩ አደረገው ብለን እንጻፍ፤ የውሃውን ነገር ማን አየ?» አለ። ሌላው ዝም አለ፤ ዝምታውም ከመስማማት የራቀ አልነበረም።

የሙሽራው አያት በአጠገባችን ተቀምጠው ይሰሙን ኖሮ፥ «ልጆቼ፥ ይህ መድን የምትሉት እንደ እድር ነውን?» ብለው ጠየቁ። «አዎን አባታችን፥ ብዙ ሰው በየጊዜው ያዋጣል፤ ጉዳት የደረሰበት ከተዋጣው ይካሳል» አልናቸው። «እንግዲያስ እድርተኛ ሳይሞትበት ሞተብኝ ብሎ ድንኳን ያስተከለ እንደ ሆነ የሚበላው የማንን እንጀራ ነው?» አሉና ወደ ሠርገኛው ዞሩ።

መልስ አልሰጠናቸውም። ነገር ግን ከሰቆጣ እስከ ወልድያ በዚህ ስንከራከር ሄድን። አንደኛችን፥ «እድርተኛውን በስሙ ዐውቀዋለሁ፤ ይህ ግን የማላውቀው መሥሪያ ቤት ነው» ሲል፥ ሌላው፥ «መሥሪያ ቤቱ ከኪሱ የሚከፍል መስሎሃልን? ከእኛው አረቦን ነው» ይል ነበር። ከደሴ በኋላ ግን እስከ አዲስ አበባ አልተነጋገርንም። በአሥር ዓመት ባልንጀርነታችን እንዲህ ያለ ዝምታ አጋጥሞን አያውቅም።

ከመድን ሰጪው ቢሮ በቀረብን ጊዜ ቅጹ፥ «ጉዳቱ መቼና እንዴት ደረሰ?» ይላል። ብዕሩን የያዘው ባልንጀራ ጥቂት ቆየና ጠጠሩንም፥ ሙቁን ውሃም፥ ቀኑንም እንዳለ ጻፈው፤ ሌላውም ሳይናገር ከሥሩ ፈረመ። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አነበበውና፥ «የውሃውን ነገር ባትጽፉትስ ማን ያውቅ ነበር?» ብሎ ሣቀ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፤ የጉዳቱን መነሻ ጠጠሩን አድርገው ተቀበሉት፤ መዘግየታችንን ገሥጸው አለፉት፤ ተቀናሹን አንሥተው እስከ ውሉ ልክ ከፈሉ። የዋጋው ሲሶ ያህል በእኛ ላይ ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ ውሉን ስናድስም ካሳ ላልጠየቀ የሚደረገው የአረቦን ቅናሽ ቀረብን። ያቺ የምስር ፍሬ በጊዜዋ ተጠግና ቢሆን ወጪው ከኪሳችን ቢወጣ እንኳ ከዚህ ሁሉ ባነሰ ነበር።

አረቦን የሚለው ቃል ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም መያዣ ማለት ነው። መያዣ ደግሞ ሁለቱን ወገን ያስራል። መድን ሰጪው ለመካስ ይታሰራል፤ መድን ገቢውም እውነቱን ለመናገርና የራሱን ንብረት ለመጠበቅ ይታሰራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን የንብረት መድንን የካሳ ውል ሲል መሰየሙ ስለዚህ ነው፤ የጠፋውን ይተካል እንጂ ትርፍ አይሰጥም። ስለዚህ መኪና ያለው አንባቢያችን ዛሬ ማታ ውሉን አውጥቶ ያንብብ፤ የፊት መስታወት በውስጡ መኖሩን፥ ልኩንና ተቀናሹን ይወቅ፤ ጠጠር የመታው እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ያስታውቅ፤ ጉዳቱ ትንሽ ከሆነም ካሳ ከመጠየቁ በፊት ተቀናሹንና የሚቀርበትን ቅናሽ ከጥገናው ዋጋ ጋር ያመዛዝን።

እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የምናስታውሰው የቅጹን ዕለት ነው። ከቢሮው ወጥተን ወደ መኪናችን ስንገባ ያ ረጅም ስንጥቅ አሁንም በፊታችን ነበረ። አንደኛችን፥ «እስከ ጋራዡ ድረስ አንተ ንዳ» አለ። ከደሴ ወዲህ የተነጋገርነው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።